የወደቀ ዘማችን በሜዳይ ማክበር፦ ለጎጃም ቤተሰቦች የአሠራር መመሪያ

ከደጀን እስከ ዳንግላ ባለው አገር፣ በብዙ ቤት ሣጥን ግርጌ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ሜዳይ ይገኛል። የማን እንደሆነ ሲጠየቅ «የአያታችን ነው» ይባላል። የትኛው አያት፣ የት ወደቀ፣ በማን ሥር ዘመተ፣ ሜዳዩን ማን ተቀበለለት የሚለው ሲከተል ግን መልሱ እየሳሳ ይሄዳል። በሌላው ቤት ደግሞ ታሪኩ ከነዝርዝሩ አለ፤ ሜዳዩ የለም። ወይ ተሸጧል፣ ወይ ጠፍቷል፣ ወይ ከመጀመሪያውም አልተሰጠም። ይህ መመሪያ ለሁለቱም ቤት ነው።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከድግሱ ነው። ድንኳን ይተከላል፣ ድምፅ ማጉያ ይከራያል፣ የወረዳው ባለሥልጣን ይጠራል። ንግግሩ ላይ ሲደረስ የሟቹ የአባት ስም ይሳሳታል፤ ከወደቀበት ዓመት ጋር የማይገጥም የጦርነት ስም ይነበባል። ድግሱ መጨረሻ ይምጣ። ከዚያ በፊት ያለው ሥራ የስም፣ የቦታ፣ የዓመትና የምስክር ሥራ ነው፤ አዛውንቶቹ በሕይወት ሳሉ ካልተሠራም ቆይቶ የሚሠራው የለም።

ስሙን ሙሉ ማድረግ

አንድ የጎጃም ዘማች በአራት ዓይነት መጠሪያ ሊታወቅ ይችላል፦ ሰው በሚጠራበት የዓለም ስሙ፣ በክርስትና ስሙ፣ በፈረስ ስሙና በማዕረጉ። የቢቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀ በፈረስ ስሙ አባ ኮስትር ነው፤ በአርበኝነቱ ዘመን ልጅ በላይ ሲባል ቆይቶ ከድል በኋላ ደጃዝማች ተብሏል። ስሙ እንዲህ የገነነ ሰው ስለሆነ አንሳሳትም። የእናንተ አያት ግን በአንዱ ወረቀት ባላምባራስ፣ በሌላው ግራዝማች ተብሎ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ጸሐፊው ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል። የተገላቢጦሹም አለ። አንድ ዓይነት ስምና የአባት ስም ያላቸው ሁለት ዘማቾች ከአንድ ወረዳ ወጥተው፣ የአንዱ ሜዳይ በሌላው ቤት ሲወረስ ይኖራል። ስለዚህ ስሙን ቢያንስ እስከ አያት ጻፉ፤ ማዕረጉንም ያገኘበትን ጊዜ ለይታችሁ አስፍሩ።

የክርስትና ስሙን አትዝለሉት። ፍትሐቱ የተደረገው፣ ተዝካሩ የወጣው በዚያ ስም ነው። የዓለም ስሙን የማያስታውስ ቄስ «ወልደ» ወይም «ኃይለ» ብሎ የሚጀምረውን ስም ከነቀኑ ሊያስታውስ ይችላል። ሟቹ ሙስሊም ከሆነም የአባትና የአያት ስም ከነመንደሩ ይሰፍራል፤ በመስጊዱ አካባቢ ያሉ ሽማግሌዎች የሚጠየቁት በዚሁ አኳኋን ነው።

ቦታውን በዛሬው አጠራር ብቻ መጻፍ አይበቃም። ጎጃም ጠቅላይ ግዛት በነበረበት ጊዜ ወረቀቱ ሁሉ የሚሄደው በአውራጃ ነበር፦ ደብረ ማርቆስ፣ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ቆላ ደጋ ዳሞት፣ ባሕር ዳር፣ አገው ምድር፣ መተከል። ዛሬ ምሥራቅ ጎጃም ወይም አዊ የምንለውን በ1940ዎቹ መዝገብ ውስጥ ብትፈልጉ አታገኙትም። የቀድሞውን አውራጃና ወረዳ፣ የአጥቢያውን ታቦት፣ ቀጥሎ የዛሬውን ቀበሌ ጻፉ። የአጥቢያው ስም ከሁሉ የጸና ነው፤ የአስተዳደር ወሰን ሲቀያየር ደብሩ ከቦታው አይነቃነቅም።

አሁን አዛውንቶቹን መጠየቅ ነው። አንድ ላይ ሰብስባችሁ አትጠይቁ፤ በማዕረግ ወይም በዕድሜ የሚበልጠው አንድ ጊዜ ከተናገረ ሌላው ይስማማል፣ ከዚያ በኋላ አምስት ምስክር ያላችሁ ይመስላችኋል እንጂ ያላችሁ አንድ ነው። ለየብቻ፣ በየቤታቸው ሂዱ። መልሱን በጥያቄው ውስጥ አታቀብሉ። «አያታችን ከበላይ ጋር ነበር አይደል?» ከተባለ የማይስማማ ሽማግሌ የለም፤ እንግዳ ማሳዘን ነውር ነውና። «አባቴ፣ ማን አዘመተው? ስንቅ ማን ያቀብለው ነበር? መርዶውን ማን አመጣው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ «ይህን እርስዎ አይተውታል ወይስ ሰምተውታል?» ሁለቱም ዋጋ አላቸው፤ በወረቀቱ ላይ ግን በአንድ ዓምድ አይገቡም።

መርዶን የሚመለከተው ጥያቄ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ያፈራል። ሰው ዓመተ ምሕረቱን ይረሳል፤ መርዶ የመጣበትን ወቅት አይረሳም። አዝመራ ሲሰበሰብ፣ ጾም ሊያዝ ሲል፣ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በዓመቱ፣ ንጉሡ በኦሜድላ የገቡ ጊዜ እያሉ ይነግሯችኋል። እነዚህን ምልክቶች ወደ ዓመት የመመለሱ ሥራ የእናንተ ነው።

ሴቶቹን መጠየቅ ደግሞ በተለይ ይጠቅማል። በጎጃም ለቅሶ ሙሾ የምታወርደው ሴት የሟቹን አለቃ፣ የወደቀበትን ወንዝ፣ የያዘውን ጠመንጃ ሳይቀር በግጥሟ ውስጥ ታስገባለች፤ ግጥም ደግሞ ከተራ ወሬ ይልቅ ሳይለወጥ ይቆያል። ዕድሜ የጠገቡ እማሆይ ካሉ የሰሙትን ሙሾ እንዲሉላችሁ በትሕትና ለምኑ፤ ከፈቀዱም በስልክ ቅረጹት፤ ቀረጻው ሲጀመር ስማቸውንና ቀኑን ተናገሩ። ስለ ጠመንጃው «ውጅግራ» ወይም «ምንሽር» መባሉ ራሱ መረጃ ነው። የገደለው የጠላት ብዛት ግን ከግጥም አይወሰድም። ግጥም እዚያ ላይ ለጋስ ነው።

በመጨረሻ ይህን ያህል አንድ ገጽ ይወጣችኋል፦

«… … … (የክርስትና ስም …፣ የፈረስ ስም አባ …)። በ… ዓ.ም. ገደማ በቀድሞው … አውራጃ፣ … ወረዳ፣ … አጥቢያ ተወለደ። በ… አዝማችነት ሥር ዘመተ። በ… ወር … ዓ.ም. … ከሚባለው ቦታ ወደቀ። አስከሬኑ … ተቀበረ (ወይም አልተገኘም)። ይህን ያዩ፦ …። ይህን የሰሙ፦ …።»

ያልታወቀውን ቦታ ክፍት ተዉት። በግምት ከተሞላ ገጽ ክፍት ቦታ ያለው ገጽ ይታመናል።

ጦርነቱንና ሜዳዩን ማገጣጠም

ሜዳይ በእጃችሁ ካለ የዘመኑን መንግሥት ምልክት ተመልከቱ፤ ዘውድ፣ ኮከብ ወይም የተባበሩት መንግሥታት አርማ መሆኑ ፍለጋውን ወዲያው ያጠበዋል። ፊቱን፣ ጀርባውንና ጠርዙን በደንብ አንብቡ። በዘውዱ ዘመን ከተሠሩት አንዳንዶቹ ላይ የሠሪው ስም ይገኛል፤ በአዲስ አበባ የነበረው አርመናዊው ጌጥ ሠሪ ሴቫጅያንና የለንደኑ ማፒን ኤንድ ዌብ ከሚታወቁት ናቸው። ምልክት የሌለው ሁሉ ሐሰተኛ ነው ማለት ግን አይደለም።

በጎጃም በብዛት የሚጠየቀው የአምስቱ ዓመት ጉዳይ ስለሆነ እዚያ ላይ ትንሽ እንቆይ። ከ1928 እስከ 1933 ጎጃም ውስጥ የተዋጋ ሰው በአንድ ወጥ ሠራዊት ውስጥ አልነበረም። በላይ ዘለቀ በቢቸና በኩል፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በዳሞትና በቡሬ አቅጣጫ፣ ኃይሉ በለውም በበኩላቸው የየራሳቸውን ጦር ይመሩ ነበር፤ ከእነሱ በታች ደግሞ በየአካባቢው የጎበዝ አለቆች ነበሩ። የእናንተ ሟች አለቃው ማን እንደነበረ ካልታወቀ ፍለጋው ሁሉ በአየር ላይ ይቀራል። በነሐሴ 1932 እንግሊዛዊው መኮንን ሳንድፎርድ አርበኞችን ለመርዳት ከተላከው ቡድን ጋር ጎጃም ገባ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ የሱዳንን ድንበር ተሻገሩ፤ በየካቲት መጨረሻ ጣሊያን ቡሬን ለቅቆ ሲያፈገፍግ በደምበጫ መንገድ ከባድ ውጊያ ሆነ፤ መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ደረሱ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ቤተሰቡ «ንጉሡ ከገቡ በኋላ፣ ማርቆስ ሳይያዝ» ካለ፣ የምትፈልጉት ከጥር እስከ መጋቢት 1933 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ማለት ነው።

የአርበኝነት ሜዳይ የተቋቋመው ከድሉ በኋላ ነው። በ1930 የወደቀ ሰው በደረቱ ላይ ሊያደርገው አይችልም፤ ካገኘውም ያገኘው በወራሹ እጅ ነው። የዚህ ሜዳይ ሪባን ላይ የሚታየው የዘንባባ ቅጠል የአገልግሎቱን ዓመታት ይናገራል፤ በቀድሞ የሕይወት ታሪኮች «ባለ አምስት ዘንባባ» የሚለውን ያየ ያውቀዋል። ይህ ጥሩ መፈተኛ ይሆናችኋል። አያታችሁ በሁለተኛው ዓመት ወድቋል እየተባለ ሜዳዩ አምስት ዘንባባ ካለው፣ ወይ የሞተበት ዓመት ተሳስቷል፣ ወይ ሜዳዩ በሕይወት የተረፈ ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ ነው። መጣላት አያስፈልግም፤ ሁለቱም ዘመዳችሁ ናቸውና ሁለት ገጽ ጻፉ። ከዚህ ሌላ የድል ኮከብ፣ በስደት ለቆዩት የስደት ሜዳይ፣ ለጦር ሜዳ ጀግንነት ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሜዳይ ነበሩ።

አንድ የማይወደድ ነገር አለ። በአምስቱ ዓመት አንዳንዱ ሰው መጀመሪያ ለጣሊያን አድሮ ኋላ ወደ አርበኞች ዞሯል። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን የሚያህል ሰው እንኳ ደብረ ማርቆስን ለጣሊያን ይዘው ቆይተው ነው ኋላ ለንጉሠ ነገሥቱ የገቡት። በቤተሰቡ ታሪክ እንዲህ ያለ ምዕራፍ ካለ አትፋቁት። የወደቀው ለአገሩ ሲዋጋ ከሆነ ያ ይበቃዋል፤ የተፋቀ ዓመት ሲገኝ ግን የቀረውንም ገጽ ያስጠረጥራል።

ከ1943 ጀምሮ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ለዘመተ፣ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ በቀላሉ ይለያል። ሪባኑ ነጭና ውኃ ሰማያዊ ቀጥ ያሉ መስመሮች አሉት፤ ጽሑፉም ለኢትዮጵያውያን በአማርኛ ተሠርቷል። በኮሪያ የወደቁት ኢትዮጵያውያን ከ120 በላይ ብቻ ስለሆኑ ስሙን መከታተል ከሌላው ጦርነት ይቀላል።

በ1969 እና 1970 በሶማሊያ ጦርነት የወደቀው ብዙ ጊዜ ከገበሬ ማኅበር ተመልምሎ ታጠቅ በተባለው የጦር ማሠልጠኛ የሠለጠነ ሚሊሺያ ነው፤ ወረቀቱም ቀጭን ነው። የመለመለውን ገበሬ ማኅበርና አብሮት የሄደውን የአገር ልጅ ፈልጉ። የደርግ ዘመን ሜዳይ ኮከብ ወይም መዶሻ ስላለበት አፍሮ የደበቀ ቤተሰብ ካለ ያውጣው። ዘውዱንም ሆነ ኮከቡን መፋቅ፣ ሪባኑን በሌላ መቀየር የሟቹን ማስረጃ ማጥፋት ነው። የሞተው ለአርማው አልነበረም።

ወረቀቱ የሚገኝበት

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ፈልጉ፦ በመጽሐፍ ቅዱስና በዳዊት ገጾች መካከል፣ በግብር ደረሰኞች ጥቅል ውስጥ፣ ከፎቶግራፍ ክፈፍ ጀርባ። የሜዳይ ምስክር ወረቀት ከሜዳዩ ይበልጣል፤ ስም፣ ቀንና ማኅተም ያለው እሱ ነው። ቀጥሎ ወደ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ሂዱ፤ ቤተሰቡ በቃጠሎ ወይም በሽፍታ ፍርሃት ለአደራ ያስቀመጠው ሊኖር ይችላል።

ከጎጃም ውጪ አዲስ አበባ ሦስት በር አለ። የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር ለአምስቱ ዓመት ጉዳይ የመጀመሪያው ነው። ወመዘክር ቤተ መጻሕፍትም ቤተ መዛግብትም አለው፤ ከ1933 ጀምሮ የታተመውን አዲስ ዘመንና ከ1934 የጀመረውን ነጋሪት ጋዜጣ እዚያ ማየት ይቻላል። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ደግሞ የእጅ ጽሑፎችና የተማሪዎች የመመረቂያ ጥናቶች አሉት፤ ስለ ጎጃም አርበኞች ከየወረዳው የተሰበሰበ ቃል የሚገኘው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ ነው። ባዶ እጃችሁን «ስለ አያታችን ምን አላችሁ?» ብላችሁ አትሂዱ። ያችን አንድ ገጽ ይዛችሁ፣ ዓመትና አውራጃ ጠቅሳችሁ ጠይቁ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሚረዳው የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው ነው።

በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ወረቀት ካጋጠማችሁ፣ ከመስከረም አንስቶ እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ያለው ልዩነት ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ነው። በዚህ ብቻ አንድ ዓመት የተሳሳተ ብዙ ነው።

ማመልከት

እዚህ ላይ ተስፋችሁን በልኩ አድርጉት። የዘውዱ መንግሥት በ1967 ሲያበቃ ሜዳዮቹም አብረው አብቅተዋል፤ በ1931 ለወደቀ አርበኛ ዛሬ የአርበኝነት ሜዳይ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የለም። ሊገኝ የሚችለው በአርበኞች ማኅበር መታወቅ፣ ስሙ በመታሰቢያ ላይ መስፈር፣ ትምህርት ቤት ወይም መንገድ በስሙ መሰየም ነው። ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ከመርካቶ የሜዳይ ቅጂ ገዝቶ እንደ እውነተኛ ማሳየት ግን ለሟቹ ስድብ ነው።

በቅርብ ዘመን በመከላከያ ሠራዊት ውስጥ እያለ የወደቀ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ ቁጥር 1100/2011 ስለ ሜዳይ የሚደነግግ ክፍል አለው፤ የዓድዋንና የጥቁር አንበሳን ስም የያዙ ሜዳዮች ይገኙበታል። ለሜዳይ የሚያጨው ክፍሉ እንጂ ቤተሰቡ አይደለም፤ ጀብዱውን ያዩት አብረውት የነበሩት ናቸውና። የቤተሰቡ ድርሻ በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦

«ልጃችን … (ማዕረግ …፣ መለያ ቁጥር …) በ… ክፍለ ጦር፣ በ… ሻለቃ እያገለገለ በ… ቀን … ዓ.ም. መሠዋቱን በቁጥር … በተጻፈ ደብዳቤ ተረድተናል። ስለ አገልግሎቱ ለሜዳይ ወይም ለምስክር ወረቀት ታጭቶ ወይም ተሸልሞ እንደሆነ እንዲገለጽልን፣ ተሸልሞ ከሆነም ለሕጋዊ ወራሾቹ የሚሰጥበት ቀን እንዲነገረን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ከደብዳቤው ጋር የመርዶውን ደብዳቤ ግልባጭ፣ የአመልካቹን መታወቂያና ከወረዳ ፍርድ ቤት የሚሰጠውን የወራሽነት ማስረጃ አያይዙ። ዋናውን ወረቀት ለማንም አትስጡ፤ አሳይታችሁ ግልባጩን አስረክቡ። የገቢ ቁጥርና ቀን በእናንተ ቅጂ ላይ ሳይጻፍ ከበሩ አትውጡ። ለካሣና ለጡረታ የሚቀርበውን ማመልከቻ ከዚህ ጋር አትቀላቅሉ፤ ሁለቱ በተለያየ ጠረጴዛ የሚያልቁ ጉዳዮች ናቸው፣ ሲቀላቀሉም ሁለቱም ይዘገያሉ።

ሜዳዩን መጠበቅ

ለበዓል ሲባል በሎሚ፣ በአመድ ወይም በብራሶ የሚታሽ ሜዳይ ሳይ ያንገበግበኛል። መታሸት የፊደሉን ጠርዝ ይበላል፣ ልባጡን ይገፋል፤ የሄደው አይመለስም። ጠቆር ያለ ሜዳይ አልተበላሸም። በለስላሳ ደረቅ ጥጥ አቧራውን ብቻ ጥረጉ። አረንጓዴ ዝገት እየተስፋፋ ከሆነ አትፋቁት፤ ከእርጥበት አውጡትና የሙዚየም ባለሙያ አማክሩ። በላብ እጅ አትንኩት፤ በጨርቅ ጠርዙን ያዙ።

የጎጃም ክረምት ረጅም ነው። ከአፈር ግድግዳ አርቁት፣ ማድ ቤት ጭስ ካለበት ክፍል አውጡት። ታጥቦ በደንብ የደረቀ፣ ቀለም የሌለው ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል፤ ቆዳና የጋዜጣ ወረቀት አይሁን። በአዲስ ጫማ ሣጥን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አብራችሁ ብታስቀምጡ ጥሩ ነው። ሪባኑን አትጠቡ፣ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳም ላይ አትስቀሉ።

ምስክር ወረቀቱን ላሚኔት አታስደርጉ። ላሚኔት የጠበቀ ይመስላል፤ ሙቀቱና ሙጫው ግን ወረቀቱን ለዘለዓለም ይይዘዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚጠግነው ባለሙያ አይገኝም። የተቀደደውንም በፕላስተር አትለጥፉ። ሳይታጠፍ በንጹሕ ወረቀት መካከል አስቀምጡት።

ሜዳዩን ከነማስመሪያው፣ ፊቱን፣ ጀርባውንና ጠርዙን፣ በጥላ ውስጥ በቀን ብርሃን ያለ ፍላሽ ፎቶግራፍ አንሱ። ለመሸጥ የሚመጣላችሁ ሰው ካለ፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ መሆኑን እወቁ።

ማን ይይዘዋል?

ይህ ከበዓሉ ቀን በፊት ካልተቋጨ በበዓሉ ቀን ይፈነዳል። ሜዳይ እንደ ርስት አይቆረስም። ባለቤቱ በሕይወት ካለች የእሷ ነው፤ ከእሷ በኋላ ግን «የበኩር ልጅ ይያዘው» የሚለው ልማድ ሁልጊዜ አይበጅም፤ በኩሩ ከተማ ገብቶ ቤት የሚቀያይር ሊሆን ይችላል። የሚጠብቀውን ምረጡ። በሽማግሌ ፊት አንድ ወረቀት ተጻጻፉ፤ ያዡ ማን እንደሆነ፣ ሌሎቹ መቼ መቼ ማየት እንደሚችሉ፣ ያዡ ቢሞት ለማን እንደሚተላለፍ፣ እንደማይሸጥና በመያዣ እንደማይሰጥ ይሥፈርበት። መስማማት ካቃታችሁ ለደብሩ ዕቃ ቤት ወይም ለሙዚየም በርክክብ ሰነድ በአደራ መስጠት ይቻላል። «አያ ይዞት ሄደ» በሚል ክርክር ከወንድማማች ደጅ መቀራረብ የጠፋበትን ቤት የማያውቅ የለም።

ቀኑ

ለአርበኛ ሚያዝያ 27 ይመቻል፤ ለሌላው ሙት ዓመቱ። ሚያዝያ 27 የአገር በዓል ስለሆነ ባለሥልጣን በየቦታው ይጠራል፤ የቤተሰቡ ሥነ ሥርዓት ከማለዳው ወይም በማግሥቱ ቢሆን ይሻላል።

ጸሎት ይቅደም። ካህኑ የክርስትና ስሙን ከእናንተ ይፈልጋል፤ በመጀመሪያ የጻፋችሁት እዚህ ይሠራል። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ዱዓው ይደረጋል፤ ሁለቱም ወገን ባለበት ቤተሰብ ሁለቱም በተራ ይሁን። ቀጥሎ ያች አንድ ገጽ ትነበብ፤ ድምፁ ጥርት ያለ የቤተሰቡ ወጣት ያንብባት፣ ከዋዜማው ጀምሮ የስሞቹን አነባበብ ይለማመድ። ከሁለት ደቂቃ አትበልጥም። ሜዳዩ በትራስ ላይ ሆኖ ይምጣ፤ ለባለቤቱ ወይም ለልጁ ቆማችሁ አስረክቡ። ተወላጁ በደረቱ ላይ ባያደርገው እመርጣለሁ፤ ሜዳዩ የሟቹ ነው፣ ከፎቶግራፉ አጠገብ ይቀመጥ።

ከዚያ በኋላ ቀረርቶና ፉከራ ይምጣ። ፉካሪውን ከወዲሁ አነጋግሩት። የሟቹን አለቃና የወደቀበትን ቦታ ነግራችሁት ከሆነ በዚያ ላይ ይፎክራል፤ ካልነገራችሁት የራሱን አያት ሲያወድስ ይውላል። ጥይት አይተኮስ። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት የሚወርደው በሰው ላይ ነው፤ ይህን አስተናጋጁ በግልጽ ይከልክል።

ባለሥልጣን ከመጣ ንግግሩ ከርክክቡ በኋላ ይሁን። ከፊት ከተደረገ ሽማግሌዎቹ ሜዳዩን ሳያዩ ይደክማሉ።

በማግሥቱ የቀረው ሥራ ትንሽ ነው። የገጿን፣ የፎቶግራፎቹንና የድምፅ ቀረጻውን ቅጂ ለደብሩ፣ ለአካባቢው ትምህርት ቤትና ለደብረ ማርቆስ ወይም ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አድርሱ፤ በእያንዳንዱ ላይ ዋናው በማን እጅ እንዳለና የተዘጋጀበትን ቀን ጻፉ። ከበዓሉ የመጣ እንግዳ «እኔ እኮ የእሱን ባልንጀራ አውቀዋለሁ» ብሎ ከነበረ ስሙንና መንደሩን ያዙ፤ በሳምንቱ ሄዳችሁ ጠይቁትና ክፍት የተዋችሁትን ቦታ ሙሉ።